«ለእናንተ አናከራይም» ከተባላችሁ፦ አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ስፈልግ ደላላው ደወለ። «ክፍሉ ባዶ ነው፣ ቶሎ ና» አለኝ። ሄድኩ። አከራይዋ በሩን ገርበብ አድርገው ስሜን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። «ውይ የኔ ልጅ፣ አሁን ተያዘ» አሉኝ። በማግስቱ ጓደኛዬ ሲደውል ቤቱ አለ ተባለ። አባት ሙሐመድ፣ ልጅ ገብሬ በሚባልበት አገር ስም ተጠይቆ ቤት መከልከል! ገረመኝ።

አብሽሩ፣ የሚደረግ ነገር አለ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ለዩት። በዋጋ አለመስማማት አድልዎ አይደለም። በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በቋንቋ ወይም በፆታ ከሆነ ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 32 ደግሞ መኖሪያን የመምረጥ ነፃነትን ይደነግጋሉ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ልጆች «ለብቻዋ ለምትኖር ሴት አንሰጥም» ቢባል ያው ነው።

ቀጥሎ፣ የዚያኑ ቀን ጻፉ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባላችሁትን ቃል በቃል። «ሰደበችኝ» ብቻ አይበቃም፣ ምን ብላ? የደላላውን ስልክ ያዙ፣ በቴሌግራም የተጻፈ ካለ ስክሪንሻት አንሱ፣ አብሯችሁ የነበረ ሰው ካለ «ትመሰክርልኛለህ?» ብላችሁ ከወዲሁ ጠይቁት፣ በኋላ «እኔ የለሁበትም» የሚል አይጠፋምና።

የቀበሌው በር ላይ «የኪራይ አድልዎ» የሚል ጽሑፍ አትጠብቁ። ማመልከቻውን ለቀበሌው አስተዳደር ጻፉ፣ ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ጉዳዩ፦ በሃይማኖቴ ምክንያት ቤት መከልከሌን ስለማሳወቅ» ብላችሁ ጀምሩ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን በግልጽ ጠይቁ። አከራይዋ ተጠርተው ይጠየቁልኝ? ቤቱ ይሰጠኝ? «ፍትህ ይሰጠኝ» ብቻ የሚል ወረቀት ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

ሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። «ስጡና ሂዱ፣ እንደውላለን» ቢሏችሁ ከመስኮቱ ንቅንቅ አትበሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ዝም ብዬ ሰጥቼ ሄድኩና ከሳምንት በኋላ «የምን ማመልከቻ?» ተባልኩ።

ሽማግሌ ቢገባ ክፋት የለውም፣ ወሎ ውስጥ ስንቱ ነገር ቡና ላይ ያልቃል። ብቻ የእርቁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ።

መልስ ከጠፋ ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያም ወደ ከተማ አስተዳደሩ ቅሬታ ሰሚ ውጡ። የበደላችሁ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቀበሌ ቤት ድልድል ላይ አድልዎ ከተፈጸመ፣ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት አለው፣ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለም።

ተከራይታችሁ እያላችሁ «ውጡ» ከተባላችሁ ደግሞ የ2016ቱን የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጥቀሱ። ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም ይላል። ክልል ላይ የሚሠራው ግን ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ የእናንተ ከተማ ተካታ እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ።

በየሄዳችሁበት ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ለሚጠይቃችሁ ፎቶ ኮፒውን ስጡ እንጂ ኦርጅናሉን ከእጃችሁ አታውጡ።