ወለሉን አስቀድሙ፤ በሪሞት የምትነዳ መኪናን ለድሪፍት እንዴት እናዘጋጅ?

የሐረጎን ጠመዝማዛ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በጭነት መኪና የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የገደሉን ጠርዝ ይለካል። ድሪፍት፣ ማለትም የመኪናን የኋላ ጎማ ሆን ብሎ እያንሸራተቱ ኩርባ ማለፍ፣ ጃፓን ውስጥ ስሙ የገነነው እንዲህ ባሉ የተራራ መንገዶች ላይ ነው። ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የተባለው ተወዳዳሪ በ1970ዎቹ በውድድር ሜዳ ያሳየውን ስልት ኬይቺ ትሱቺያ ወደ ተራራ መንገድ ወስዶ አስፋፋው። እኛ ሐረጎ ላይ አንሞክረውም፤ እዚያ የተንሸራተተ የት እንደሚያርፍ ይታወቃል። የእኛ ሜዳ ሊሾ የተደረገ በረንዳ ነው፤ መኪናችንም የእውነተኛዋን አንድ አሥረኛ የምታህል፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መኪና ናት።

ደሴ ውስጥ ይህቺን መኪና ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ “ስንት ትሮጣለች?” ብሎ ነው። ጥያቄው ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ድሪፍት የፍጥነት ጨዋታ አይደለም፤ ጎማዎቹ ወለሉን በቀላሉ መልቀቃቸው፣ ሲለቁትም ሁልጊዜ በእኩል መጠን መልቀቃቸው ነው ቁም ነገሩ። ስለዚህ ስለ ሞተር ከማሰባችሁ በፊት የምትነዱበትን ወለል ምረጡ።

ወለሉ

ከሁሉ የሚሻለው ለስላሳ ሊሾ ነው። ሴራሚክም ይሆናል፤ ግን መጋጠሚያዎቹ ላይ ትንሿ መኪና ትዘላለች። አስፋልት ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የመረጣችሁትን ወለል ጥረጉና በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን አንሡ፤ ከዚያም እስኪደርቅ ጠብቁ። ደሴ ላይ ጭጋግ በወረደበት ጠዋት ሲሚንቶው ላብ ያወጣል፤ በዚያ ሰዓት ያስተካከላችሁት ሁሉ ፀሐይ ስትወጣ ይበላሻል። ጠዋትና ቀትር አንዲቱ መኪና ሁለት መኪና ትሆናለች። ኮምቦልቻ ያሉት ወዳጆቻችን በዚህ በኩል ተባርከዋል፤ ቆላቸው ወለሉን ቶሎ ያደርቅላቸዋል።

መኪናዋ

ሁለት ዓይነት አለ። በአራቱም ጎማ የምትገፋው፣ ለምሳሌ የታሚያ ቲቲ-02ዲ፣ ለጀማሪ ትሑት ናት፤ ብትሳሳቱም ትታገሣችኋለች። በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋው፣ እንደ ዮኮሞ ዋይዲ-2 ወይም እንደ ኤምኤስቲ አርኤምኤክስ ያለችው፣ የእውነተኛውን ድሪፍት መልክ ትሰጣለች፤ ነገር ግን ጋይሮ የሚባለው፣ መሪውን በራሱ የሚመልስ ዕቃ ከሌላት በጣት ፍጥነት ብቻ መያዝ እጅግ ከባድ ነው። ያገለገለች ባለአራት ጎማ ገፊ ካገኛችሁ ከእርሷ ጀምሩ። ውጫዊ አካሏን ምን ቀለም እንደምትቀቡ የእናንተ ፈንታ ነው፤ ለመንሸራተቷ የሚጨምረው ነገር የለም።

ዕቃውን ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። የ7.4 ቮልትና የ4,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ 29.6 ዋት ሰዓት ነው፤ ከተለመደው የ100 ዋት ሰዓት ወሰን በጣም በታች ነውና ችግር የለውም።

ጎማውን ከውኃ ቱቦ መሥራት

ይህ የምወደው ክፍል ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

የድሪፍት ጎማ ላስቲክ አይደለም፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ከውጭ የሚገዛው እንዳለ ሆኖ፣ ቧንቧ ሠራተኞች የሚዘረጉት ጥቁሩ የውኃ ቱቦ፣ ኤችዲፒኢ የሚባለው፣ ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። የውጭ ስፋቱ 63 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ከእርሱም ውስጥ ወፍራሙን፣ ግድግዳው 5.8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ምረጡ። የውስጥ ስፋቱ 51.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የመኪናችን ቸርኬ ደግሞ ወደ 52 ሚሊ ሜትር ነው። ይህች የግማሽ ሚሊ ሜትር ጥበት ዋናዋ ሀብታችን ናት።

ለአራት ጎማ የሚያስፈልገው 12 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ብቻ ነው። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። “ልጄ፣ በአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቱቦ ውኃውን ከየት ወዴት ልታደርሰው ነው?” አሉኝ። ለመኪና ጎማ ነው ስላቸው ደግሞ ይበልጥ አዘኑልኝ። ቢሆንም ከሱቁ ጥግ ቁራጭ ፈልገው በነጻ ሰጡኝ። እናንተም ሙሉ ቱቦ አትግዙ፤ ቁራጭ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ወረቀት ቱቦው ላይ ጥምጥም አድርጉና ጫፉን ከጫፉ ጋር ግጠሙ፤ በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያውን አስምሩ። መስመሩ ቀጥ ያለ የሚሆነው እንዲህ ሲደረግ ብቻ ነው፤ በዓይን ግምት የተቆረጠ ጎማ እንደ አንካሳ በሬ ያነክሳል። ስፋቱን 26 ሚሊ ሜትር አድርጉ፤ ለመሞረድ እንዲተርፍ ግን 27 ላይ በሰጌቶ ቁረጡ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንጥፋችሁ ቀለበቱን በክብ እያሻችሁ አስተካክሉት። የውጭውን ሹል ጠርዝ ደግሞ በትንሹ ክብ አድርጉት፤ ሹሉ ከቀረ ወለሉን ይነክስና መኪናዋን ያስደነብራታል።

ማስገቢያው በፈላ ውኃ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቀለበቱን ለአምስት ደቂቃ ያህል የፈላ ውኃ ውስጥ ተዉት። ሲሞቅ ውስጡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ያኔ በጓንት ይዛችሁ ቸርኬው ላይ በፍጥነት ግፉት። ሲቀዘቅዝ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ሙጫ አትሞክሩ፤ ይህ ፕላስቲክ ሙጫ አይቀበልም። ላላ ካለ ቸርኬውን በስስ ፕላስተር አንድ ዙር ጠቅልሉና ድገሙት። አራቱንም ከአንድ ቁራጭ አውጡ፤ የፊቱ ከአንዱ፣ የኋላው ከሌላ ቱቦ ሲሆን መኪናዋ መልክ አይኖራትም።

የኋላ ዲፈረንሻል

በተራ መኪና ዲፈረንሻሉ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ያደርጋል። ለእኛ ይህ ጠላት ነው፤ ኩርባ ውስጥ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቀለለው ጎማ ይሸሽና መንሸራተቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ይቆለፋል። ፍቱት፣ ቅባቱን በቤንዚን አጥባችሁ አድርቁ፣ በሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን ጠንካራ ሙጫ በጥርሶቹ መሃል ሙሉና መልሳችሁ ግጠሙ። አንዱን የኋላ ጎማ በእጅ ስታዞሩ ሌላው በዚያው አቅጣጫ አብሮ ከዞረ ተቆልፏል።

ሞላ፣ መሪና የጎማ አቋቋም

ሞላው ለስላሳ ይሁን። የሻንሲው ሆድ ከወለሉ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። የፊት ጎማዎች ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ይዘንበሉ፤ የኋላዎቹ 1 ወይም 2 ዲግሪ ይበቃቸዋል። መሪው የሚችለውን ያህል ይዙር፤ ነገር ግን ጥግ ሲደርስ ጎማው ክንዱን እንዳይነካ ሪሞቱ ላይ ወሰን አብጁለት። ከነካ፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ እያጉረመረመ ይሞቅና ይቃጠላል።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣው 540 የሚባለው ተራ ሞተር ለሊሾ ይበቃል፤ እንዲያውም የጋዙን ወሰን ሪሞቱ ላይ ቀንሳችሁ 70 በመቶ አድርጉት። እንደ ናፍጣ መኪና ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል ብላችሁ አትስጉ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ ግን ቶሎ አይቀዘቅዝምና አንድ ባትሪ ካለቀ በኋላ በጣታችሁ ዳስሱት። ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ አሳርፉት።

ጋይሮ

ጋይሮ የመኪናዋ የኋላ ክፍል መዞሩን ተረድቶ መሪውን በራሱ ወደ ተቃራኒው የሚመልስ ትንሽ ሣጥን ነው። ሻንሲው ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ፣ ከሞተሩ አርቃችሁ፣ በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ስፖንጅ ለጥፉት። መኪናዋን ስትከፍቱ ለጥቂት ሰከንዶች አትንኳት፤ መሃሏን የምታውቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ፈተና ሳትሠሩ ወለል ላይ አታውርዷት። መኪናዋን በእጃችሁ አንሥታችሁ አፍንጫዋን በፍጥነት ወደ ግራ አዙሩ። የፊት ጎማዎቹ ወደ ቀኝ መዞር አለባቸው፤ አፍንጫዋ ወዴትም ቢሄድ ጎማዎቹ ቀድሞ ወደነበሩበት አቅጣጫ እንደሚያዩ ማለት ነው። ወደ ግራ ከዞሩ ጋይሮው ተገልብጧልና መገልበጫውን ቀይሩ። እኔ ይህን ፈተና ዘልዬ በረንዳ ላይ ጋዝ ስነካ መኪናዋ እንደ እንዝርት ሦስት ጊዜ ሾረችና የእህቴ ረከቦት ውስጥ ገባች። ሁለት ሲኒ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ሲፈላ አልነዳም።

የጋይሮውን ኃይል ከግማሽ ጀምሩ። ቀጥታ ስትነዱ የፊት ጎማው መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ሲንቀጠቀጥ ትንሽ መልሱትና ተዉት።

ባትሪ

ባለሁለት ሴል ሊፖ፣ ማለትም የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው። ቻርጅ የምታደርጉበትን ኃይል ከአቅሙ አታሳልፉ፤ ለ4,000 ሚሊአምፒር ሰዓት 4 አምፒር በቂ ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ሲደርስ ጨዋታው ይቁም፤ ለሳምንት የምታስቀምጡት ከሆነ በሴል 3.8 ላይ አቆዩት። ሊፖ ሲነድ ክፉ ነው። እናቴ የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ሰጥታኛለች፤ ቻርጅ የማደርገው እርሱ ላይ፣ ከመጋረጃ አርቄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ነው። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ዳግመኛ አትሙሉት።

ልምምዱ

አንድ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በግማሽ ሙሉና መሃል ላይ አቁሙ። በዙሪያው በግራ ብቻ ክብ ሥሩ። ጋዙን ጨምራችሁ መልቀቅ ሳይሆን በእኩል መጠን ይዛችሁ መቆየት ነው ትምህርቱ። አሥር ዙር ሳታቋርጡ ስትዞሩ ወደ ቀኝ ቀይሩ፤ ቀኙ እንደ አዲስ ያስቸግራችኋል፣ አትደንግጡ። ከዚያ ሁለተኛ ጠርሙስ አምጡና በሁለቱ መካከል የስምንት ቁጥርን ቅርጽ ሥሩ።

እየተለማመዳችሁ መኪናዋ አልታዘዝ ካለች ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አትነካኩ። አንዱን ብቻ ቀይሩ፣ አምስት ዙር ንዱ፣ በደብተር ጻፉት። ከመቀየራችሁም በፊት ወለሉን አንድ ጊዜ ጥረጉት፤ የእኔ ደብተር ውስጥ ለግማሹ ችግር የተጻፈው መፍትሔ “አቧራ ነበር” የሚል ነው።