ግሪካዊቷን ተዋናይት ሜሊና ሜርኩሪን በሚኒ ሚዲያ እንዴት እናቅርባት?

ደሴ ላይ ሚኒ ሚዲያ የምታዘጋጁ ልጆች፣ «እ.ኤ.አ. በ1920 አቴንስ ተወለደች» ብላችሁ አትጀምሩ። በእረፍት ሰዓት ማን ይሰማችኋል? ከ1967 ጀምሩ። ወታደሮች ግሪክን ሲይዙ እሷ ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ነበረች። በአደባባይ አወገዘቻቸው፤ ዜግነቷን ነጠቋት። እዚህ ላይ ትንፋሽ ውሰዱ፤ የጦሳ ተራራ ንፋስ ማይኩ ውስጥ ሲገባ ፈጣን ንባብ ድራሹ ይጠፋል።

በ1960 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ምርጥ ተዋናይት መባሏ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለፍ። ሰፊውን ጊዜ ለ1980ዎቹ ስጡ። የባህል ሚኒስትር ሆና እንግሊዞች የወሰዷቸው የፓርተኖን (የአቴንስ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ) ቅርጾች እንዲመለሱ ስትጠይቅ ነበር። መቼም የወሎ ልጅ ይህን ሰምቶ ዝም አይልም፤ በ1868 የመቅደላን ቅርስ የጫኑትም እንግሊዞች ናቸው። ሁለቱን አያይዙና ማይኩን ለተማሪው ስጡት።