ጉበቱ የደከመ ሰው አይሲዩ ሲገባ አስታማሚ ምን ይሥራ?

ይህን የምጽፈው ለአስታማሚ ነው። ሐኪሞቹ የራሳቸው መመሪያ አላቸው። ዘመዳችሁ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ወይም ደም አስታውኮ ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ከገባ በሩ ላይ ተቀምጦ ከመጸለይ ሌላ የምትሠሩት ብዙ ነገር አለ። ጸሎቱም ይቀጥል።

ሐኪሙ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ጉበቱ የወደቀው ድንገት ነው ወይስ ቆይቶ የሚለውን ነው። ጤነኛ የነበረ ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ቢጫ ሆኖ፣ ደሙ አልረጋ ብሎ፣ አእምሮው ከተዛባ ድንገተኛ ነው። ሌላው ደግሞ በሄፓታይተስ ቢ፣ በሄፓታይተስ ሲ ወይም በመጠጥ ምክንያት ጉበቱ ለዓመታት ሲጠነክር የኖረ ሰው ነው፤ ሲሮሲስ የሚባለው። እሱን አይሲዩ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ነገር ነው፦ ኢንፌክሽን፣ የደም መፍሰስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም የማይስማማ መድኃኒት። የሁለቱ ሕክምና ይለያያል። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናንተ ጋ ነው ያለው።

ስለዚህ ሁሉንም ተናገሩ። ፓራሲታሞል ወስዷል? ስንት ፍሬ፣ ስንት ሰዓት ላይ? ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ በደንብ የሚሠራው ግን ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፣ ቢዘገይም ይሰጣል። ሆን ብሎ ውጦት ከሆነም አትደብቁት። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ነበር? አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሦስቱም ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ። እርጉዝ ናት? ሄፓታይተስ ኢ በእርግዝና መጨረሻ ወራት በጣም ይከፋል። ለ«የወፍ በሽታ» የባህል መድኃኒት ጠጥቶ እንደሆነ ደግሞ አትፈሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም (ከተቆጣም ጥፋቱ የሱ ነው)። ቅጠሉ ወይም ዱቄቱ ተርፎ ከሆነ በላስቲክ ቋጥራችሁ አምጡ። ጫቱንም አረቄውንም ያለ ይሉኝታ ንገሯቸው። የሚውጣቸውን መድኃኒቶች ባዶ ካርቶናቸውን ሳይቀር ሰብስባችሁ አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጉ።

ውስጥ ከገባ በኋላ አንዳንድ ነገሮች ግራ ያጋቧችኋል። ጣቱን በየሰዓቱ የሚወጉት ስኳር ሊለኩ ነው። ጉበት የሰውነት የስኳር ማከማቻ ስለሆነ ሲወድቅ ስኳሩ ድንገት ይወርድና ሰውየው ራሱን ይስታል። «ደሙ ቀጥኗል እየተባለ ለምን ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) አይሰጠውም?» የሚለው ጥያቄም ተደጋግሞ ይነሳል። የደም መርጋቱን የሚለካው ቁጥር፣ አይኤንአር የሚሉት፣ ጉበቱ እየባሰበት ይሁን እየተሻለው የሚነግራቸው ዋናው ምልክት ነው። ፕላዝማ ሲሰጥ ቁጥሩ ለጊዜው ያምራል፣ ጉበቱ ግን እዚያው ነው። ካልደማ ወይም ቀዶ ሕክምና ነገር ካልታሰበ በቀር ለዚህ ነው የሚተውት። ቸልተኝነት አይደለም።

በድንገተኛው ዓይነት ትልቁ ፍርሃት አንጎል እንዳያብጥ ነው። አልጋው ከራስጌ በኩል 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፣ አንገቱ ቀጥ ይላል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እዚህ ላይ የኛ ነገር ይመጣል። ዕድርተኛው፣ የሥራ ባልደረባው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው አጎት ሁሉም «አንዴ ልየው» ይላል። ገብቶ መነካካቱ፣ መጥራቱ፣ ማልቀሱ የጭንቅላቱን ግፊት ይጨምራል። አንድ ጠንከር ያለ ሰው በር ላይ መድቡና ጠያቂውን ውጭ ያስተናግድ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ እነሱም በዝግታ ይግቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሥር በሰደደው የጉበት ሕመም የአእምሮ መዛባቱን ከማንም ቀድሞ የሚያየው አስታማሚ ነው። ሐኪሙ ሰውየው ድሮ እንዴት እንደነበር አያውቅም። ሲጀምር ትንሽ ነገር ነው። ቀን ተኝቶ ይውልና ሌሊት ዓይኑ ይፈጣል። ይነጫነጫል፣ ያልነበረ ጠባይ ያመጣል፣ ቀኑ ይጠፋበታል። ብዙ ቤት ይሄ እንደ ጭንቀት ወይም እንደ መንፈስ ይቆጠርና የእንቅልፍ ኪኒን ይሰጠዋል። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ደግሞ ይህን ሰው በአንድ ሌሊት ኮማ ውስጥ ሊከቱት ይችላሉ።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ደብተር ግዙና በየቀኑ ጠዋት ስሙንና ቀኑን ያስጽፉት፣ ፊርማውንም ያኑር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ጎን ለጎን ስታዩት ፊደሉ መንጋደድ፣ ከመስመር መውጣት፣ «መ» እና «ሠ» መለየት ሲያቅተው ይታያችኋል። ቀጥሎ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደ ትራፊክ ፖሊስ «ቁም» በሚል መዳፉን ወደ ላይ ቀና ያድርግ። እጁ ወደ ታች ጠብ ጠብ ካለ ለሲስተሯ ወዲያው ንገሯት። «ትናንት አልነበረም፣ ዛሬ ጠዋት ጀመረው» ብሎ መናገር ትልቅ መረጃ ነው።

የዚህ የአእምሮ መዛባት መድኃኒት ላክቱሎስ ነው፣ ያ ሰገራ የሚያለሰልሰው ጣፋጭ ሽሮፕ። ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይሰጣል፤ ግቡ ግን ሚሊ ሊትሩ ሳይሆን ሰገራው ነው። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ማለት ልኩ ተገኘ ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ተቅማጥ ያመጣበት መስሎት ያቆመዋል፣ በሁለተኛው ቀን ሰውየው ይደነዝዛል። ከዚህ በላይ ከሆነና ውሃ ውሃ ካለም ጥሩ አይደለም፣ ሰውነቱ ይደርቅና ያው ግራ መጋባቱ ይመለሳል። ያኔ ሐኪሙ ይቀንስለታል እንጂ እናንተ አታቁሙት። በደብተሩ በአንዱ ገጽ ስንት ጊዜ ወጣ፣ በሌላው ምን ያህል ሸና ብላችሁ መዝግቡ። መዋጥ ካቃተው መድኃኒቱ በአፍንጫ ቱቦ ወይም በፊንጢጣ ይሰጣል። የደነዘዘ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታፍስሱ። ወደ ሳንባው ይገባል። ጠበልም ቢሆን ግንባሩን ቀቡት፣ ከንፈሩን አርጥቡለት፣ ይበቃዋል።

ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደቂቃ አታባክኑ። ከጉሮሮ በታች በምግብ ቧንቧው ላይ ያበጡ የደም ሥሮች ፈንድተው ሊሆን ይችላል። ሐኪሞቹ የደም ሥሩን ግፊት የሚቀንስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀምራሉ፣ ኢንዶስኮፒው (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ የሚደረገው) ቢቻል በ12 ሰዓት ውስጥ ይሠራል። አንቲባዮቲኩ ለምን እንዳትሉ፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው በሚደማበት ሰዓት ኢንፌክሽን በቀላሉ ይገባዋል። ደምም ሆን ብለው በገደብ ነው የሚሰጡት፤ ሄሞግሎቢኑ (የቀይ ደሙ ልክ) 7 ወይም 8 ላይ ከደረሰ ያቆማሉ፣ ከዚያ በላይ ሲሞላ መልሶ ሊደማ ስለሚችል። እናንተ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ መድኃኒት ግዙ ከተባላችሁ በረዶ ይፈልግ እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በፀሐይ ውስጥ በታክሲ ዞሮ የመጣ መርፌ ላይጠቅም ይችላል።

ሆዱ ውኃ ካለው ገና እንደገባ በመርፌ ትንሽ ተቀድቶ መመርመር አለበት። ትኩሳት ባይኖረውም። በዚያ ውኃ በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ250 በላይ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች) ከተገኙ ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመራል። አልቡሚን (በደም ሥር የሚሰጥ የደም ፕሮቲን) የሚያስገዟችሁ ደግሞ ኩላሊቱን ለማዳን ነው። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳታስወጉት፣ እንዳትሰጡት። ኩላሊቱን የሚጨርሰው እሱ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ ይሻላል። ለድንገተኛው ዓይነት ግን እሱም አይነካም።

ምግብ ላይ ያለው የድሮ ወሬ ሰውን ጎድቷል። «ለጉበት ሥጋ አይሆንም፣ እንቁላል አይሆንም» እያሉ በሽተኛውን አጥንት ያስቀሩታል። ፕሮቲን መቀነስ የለበትም። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይፈልጋል፤ ምስሩም ሽሮውም እንቁላሉም ይቆጠራል። የሚከለከለው ጨው ነው። ልብ በሉ፣ የቤታችሁ በርበሬና ሽሮ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ስለዚህ ወጡ ላይ አልጨመርኩም ማለት ብቻ አይበቃም። የሱን ለብቻ ያለ ጨው አስፈጩለት። በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ይብላ፣ ሊተኛ ሲል ደግሞ ቂጣ ወይም አጥሚት ነገር ይቅመስ። ረጅም ሰዓት ጾሙን ሲያድር ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ይበላል። የጾም ጉዳይ ካስጨነቀው የንስሐ አባቱን አምጡለት። አብዛኞቹ አባቶች ለታመመ ሰው ምን እንደሚሉ ታውቁታላችሁ።

ንቅለ ተከላ። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነሱት ሰውየው ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ከወጣ በኋላ ከሆነ ዘግይታችኋል። ሆዱ ውኃ የያዘ፣ የደማ ወይም አእምሮው የተዛባ ቀን «ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው)፣ ከአይኤንአርና ከክሬቲኒን (የኩላሊት ልኬት) የሚሰላ ሜልድ የሚባል ውጤት አለ፣ ከ6 እስከ 40 ይሄዳል። 15 አካባቢ ሲደርስ ወሬው ይጀመራል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፤ ለጉበት ግን የኛ ሰው በብዛት የሚሄደው ህንድ ነው። እዚያ ከሞተ ሰው የሚገኝ ጉበት ቅድሚያው ለዜጎቻቸው ስለሆነ ለጋሹን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት።

ለጋሹ ዘመድ፣ አዋቂ፣ ጤነኛ፣ ጉበቱ ስብ ያልበዛበት መሆን አለበት። የደም ዓይነቱ ይስማማ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መሆኑ ግን ለጉበት አያሳስብም። ለአዋቂ ሲሆን በብዛት የሚቆረጠው የቀኙ ክፍል ነው፣ ከጉበቱ ከግማሽ በላይ። የቀረው በጥቂት ወራት ውስጥ ያድጋል። አደጋ የለውም ግን አትበሉት፦ ከ1000 ለጋሾች ከ2 እስከ 5 ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ። ታናሽ ወንድምን ሽማግሌ ሰብስቦ «ወንድምህ ይሙት ወይ?» ብሎ መያዝ ነውር ነው። ለብቻው ከሐኪም ጋር ይነጋገር፣ እምቢ ካለም ምክንያቱ ሳይወራ ይቅር።

ወረቀቱ ጣጣ አለው። የህንድ ሕግ (የ1994ቱ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር) የአካል ሽያጭን ስለሚከለክል ዝምድናችሁን ማሳመን አለባችሁ። የኤምባሲ ማረጋገጫም ይጠየቃል። የኛ አጠራር ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በፓስፖርት ላይ ባዕድ ነው የሚመስሉት። የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት ተተርጉሞ በውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ይያዝ፣ የቆዩ የቤተሰብ ፎቶዎችም ይጠቅማሉ። የሕክምና ቦርድ ወረቀቱን (ውጭ መታከም እንዳለበት የሚያረጋግጠውን) በጎን አስጀምሩ፣ ባንክ ዶላር ስትጠይቁ ሊፈልገው ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት አይሲዩ ውስጥ የሚጠበቀው አዲሱ ጉበት ሥራ መጀመሩ ነው፦ ላክቴት (ጉበት ከደም የሚያጠራው አሲድ) እና አይኤንአር ሲወርዱ፣ ሰውየው ነቅቶ ሲያወራ። ወደ ጉበቱ የሚሄደው የደም ሥር እንዳይዘጋ በአልትራሳውንድ ደጋግመው ያያሉ። እናንተ እጅ ታጠቡ፣ ጉንፋን የያዘው አይግባ። ሲመለስም ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት የለም። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ሕመሙ በሄፓታይተስ ቢ የመጣ ከሆነ የቫይረሱ መድኃኒት ይቀጥላል፣ ቤተሰቡም ሁሉ ይመርመር፣ ነጻ የሆነው ይከተብ።

የመጨረሻው የታክሮሊመስ ሰዓት ነው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ይህ አዲሱን ጉበት ሰውነቱ እንዳይጥለው የሚጠብቀው መድኃኒት ነው፣ በየ12 ሰዓቱ ይዋጣል። ወረቀቱ ላይ 8:00 ተብሎ ይጻፋል። ያ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የሚውጥ ሰው አለ! አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ የህንድ ሰዓት ከኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ በድሮው ሰዓት ልቀጥል ካለ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሊነሳ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት አዲሱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተስማሙና በአማርኛ ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ጻፉት። የደም ምርመራ ባለበት ቀን የጠዋቱን ኪኒን ይዞ ይሂድ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይዋጠው። ሌላ ሐኪም ለሳል፣ ለፈንገስ ወይም ለቲቢ መድኃኒት ሲያዝለት መጀመሪያ «ታክሮሊመስ እወስዳለሁ» ይበል። ሪፋምፒሲን መጠኑን ያወርደዋል፣ ፍሉኮናዞልና ክላሪትሮማይሲን ይሰቅሉታል።