ላቴክስ ፍራሽና ትራስ አልመች ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ላቴክስ ከጎማ ፈሳሽ የሚሠራ የፍራሽና የትራስ መሙያ ነው። "ላቴክሱ አስቸገረኝ" ብለው ከሚጠሩኝ ሰዎች ቤት ብዙውን ጊዜ ላቴክሱ ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። የሚሳሳተው የድርቡ (ፍራሽ ላይ የሚነጠፈው ተጨማሪ ንጣፍ) ውፍረት፣ የንጣፎቹ ቅደም ተከተል ወይም ትራሱ ነው። የአልጋው እንጨት አለመሰበሩን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ጠዋት ማጅራት ይደርቃል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ሰውየው ጠንካራ ፍራሹ ላይ ለስላሳ የላቴክስ ድርብ ጨምሯል። ትከሻው ተሽሎታል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ግን አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ ይነሳል። ትራሱ የድሮው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጎን ስንተኛ ትራስ የሚሞላው በጆሮና በፍራሽ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ጠንካራ ፍራሽ ላይ ትከሻ ብዙ አይሰምጥም፤ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ወፍራም ትራስ ይፈልጋል። ለስላሳ ድርብ ሲመጣ ትከሻ ይሰምጣል፣ ክፍተቱ ይጠባል። ትራሱ ግን እንደወፈረ ነው። አንገት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ታጥፎ ያድራል።

አንዲት እህት በአንድ ዓመት አራት ትራስ ገዝታ ነበር። ሁሉም አንዱ ካንዱ ይወፍራል። አንገቷን ባመማት ቁጥር "ድጋፍ አነሰኝ" ብላ ከፍ ያለውን ትገዛለች። በጎኗ ተኝታ ባሏ ከኋላ በስልኩ ፎቶ አነሳት። ከወገቧ እስከ ትከሻዋ መስመሩ ቀጥ ብሏል። ከትከሻዋ በላይ ወደ ጣሪያው ታጥፏል። ፎቶውን ዝም ብላ አየችው። የመጨረሻው ትራስ ዚፕ ነበረው። ከውስጡ ካሉት ሦስት ንጣፎች 3 ሳንቲሜትር የሚሆነውን አወጣን። በሳምንቱ ስትደውልልኝ የአንገቷን ነገር አላነሳችም፤ ለእናቷ ድርብ እንድመርጥላት ነበር የፈለገችው።

መፍትሄው ላይ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ። መጀመሪያ ፍራሹን ጨርሱ፤ ትራስ መጨረሻ ነው። በትራስ ፋንታ ፎጣ አጥፋችሁ ደርቡና በጎን ተኙበት። በየቀኑ አንድ እጥፋት ጨምሩ ወይም ቀንሱ። አንገታችሁ ሳይደርቅ የተነሳችሁበትን ከፍታ፣ ጭንቅላት እንዳረፈበት፣ ሰው ይለካላችሁ። ስትገዙ ያንን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ላቴክስ እንደ ጥጥ አይሟሽሽም፤ ከፍ ብሎ ከተገዛ ከፍ እንዳለ ይቀራል። እኔ ዚፕ ያለውን፣ በተከተፈ ላቴክስ የተሞላውን እመርጣለሁ። ሲበዛ እፍኝ እፍኝ እያወጡ ማስተካከል ይቻላል።

በጀርባ የሚተኛ ዝቅ ያለ ትራስ ይፈልጋል። አገጭ ወደ ደረት ከተጠጋ በዝቷል። በሆዱ የሚተኛ በጣም ስስ ትራስ፣ ካልሆነም ያለ ትራስ።

ትከሻና ዳሌ ይቆረቁራል፣ እጅ ይደነዝዛል

አዲስ ድርብ ከመግዛታችሁ በፊት የፍራሹን ልብስ አውልቁ። የማይሳብ፣ እንደ ከበሮ የተወጠረ ልብስ ለስላሳውን ላቴክስ ጠንካራ ያደርገዋል። ደረቅ የውሃ መከላከያ ላስቲክም እንዲሁ። አንድ ሌሊት በስስ አንሶላ ብቻ ተኙና እዩ። ከተሻላችሁ የሚለጠጥ የሹራብ ጨርቅ ልብስ አሰፉለት። ካልተሻላችሁ ያኔ የላይኛው ድርብ ጠንክሯል ማለት ነው።

ወገብ ያማል

ዳሌ ከመጠን በላይ ሰምጧል። ለስላሳው ድርብ በዝቷል፣ ወይም ከሥር ያለው አልያዘውም። ጠንካራው ከታች፣ ለስላሳው ከላይ ይሁን። ለብዙ ሰው ከላይ ከ5 እስከ 7.5 ሳንቲሜትር ይበቃል።

ስትገዙ "አይ ኤል ዲ" የሚባለውን ቁጥር ጠይቁ። ላቴክሱን የውፍረቱን 25 በመቶ ለመጫን የሚያስፈልገው ኃይል ነው። በግምት ከ20 በታች ለስላሳ፣ ከ20 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ጠንካራ ነው። ቀጭን ሰው ያንኑ ድርብ ከከባድ ሰው ይልቅ ጠንክሮ ይሰማዋል። ቁጥሩን ሲጠየቅ "መካከለኛ ነው፣ ይመቻል" ብቻ የሚል ሻጭ ያናድደኛል። ለማን ነው የሚመቸው?

ላቴክስ የሚሠራው በሁለት ዘዴ ነው፦ ዳንሎፕና ታላላይ። በዳንሎፕ ዘዴ የተሠራ ንጣፍ ካላችሁ ገልብጣችሁ ሞክሩ። ሲሠራ ከባዱ ነገር ወደ ታች ስለሚወርድ አንዱ ፊት ጠንከር ሊል ይችላል። በታላላይ ዘዴ የተሠራው አየሩ ተስቦ፣ ቀዝቅዞ ስለሚረጋ በሁለቱም በኩል ይቀራረባል። የአልጋውን ርብራብም እዩ፤ ክፍተቱ ከ7 ሳንቲሜትር ከበለጠ ላቴክሱ በመሃል እየሰመጠ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የጎማ ሽታ፦ ጥላ ውስጥ አናፍሱት፣ በቀናት ይጠፋል።
ከሥር ሻጋታ፦ ወለል ላይ ተኝቷል፤ አየር የሚያስገባ ርብራብ ላይ አውጡት።
ቆዳ ማሳከክ፦ የላቴክስ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል መጠቀም አቁሙና ሐኪም አማክሩ።
ጠርዙ ቢጫ ሆኖ እንደ ዱቄት ይረግፋል፦ ፀሐይ ወይም ሙቀት በልቶታል። መድኃኒት የለውም። እባካችሁ ላቴክስ ፀሐይ ላይ አታስጡ!
ዚፑን ስትከፍቱ ስስ ላቴክስ ከላይ፣ ተራ ስፖንጅ ከሥር፦ ተታላችኋል፤ መልሱት። እንዲህ የሚሠሩትን አልወዳቸውም።

ላቴክስ ትራስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ውሃ የጠጣ ላቴክስ በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ልብሱን ብቻ እጠቡ።

ድርቡን ስታነሱም ጥግ ይዛችሁ አትጎትቱ። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ንጣፍ እንዲሁ ስጎትት ከጥጉ እስከ ክንድ ርዝመት ቀድጄዋለሁ። ሁለት ሰው ሁኑ፤ ጠቅልላችሁ ከሥሩ ክንዳችሁን አስገብታችሁ ተሸከሙት።