በጎንደር ፒያሳ አልጋ ሲይዙ፦ ለእንግዳ የሚሆን መመሪያ

በጎንደር መሐል ከተማ፣ በተለይም በፒያሳና በጃን ተከል ዙሪያ ያሉ ሆቴሎች አንድ ትልቅ ጸጋ አላቸው፤ ከደጃቸው የወጣ እንግዳ ባጃጅ ሳይሻ ወደ ፋሲል ግቢ፣ ወደ ባንክና ወደ ፖስታ ቤት በእግሩ ይደርሳል። ጎሃ ሆቴል ከኮረብታው ላይ ሆኖ ከተማይቱን ቁልቁል የሚያሳይ ውብ ስፍራ መሆኑ አይካድም፤ ቤተ መንግሥቱንና የሰዉን ኑሮ ከቅርብ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን እኔ የምመክረው መሐል ከተማውን ነው። ይሁንና የመሐል ከተማ ቆይታ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው በኮከብ ብዛትና በእንግዳ መቀበያው ማማር ሳይሆን በሚሄዱበት ቀን፣ በውሃውና ክፍሉ በሚያይበት አቅጣጫ ነው። ያደሩ ሰዎች የሚያመሰግኑትንም ሆነ የሚያማርሩትን ልብ ብሎ ላደመጠ፣ አብዛኛው ነገር ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም።

በመጀመሪያ ቀኑን ያጣሩ። የጥምቀት በዓል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበው፣ ለጎንደር ሆቴሎች የዓመቱ ከባድ ወቅት ነው። ታቦታቱ ጥር 10 ቀን በከተራ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ ይከበራል። በእነዚህ ቀናት አልጋ የሚገኘው ከወራት በፊት ለያዘ ሰው ሲሆን ዋጋውም ከዘወትሩ ከፍ ያለ ነው። በበይነ መረብ በአውሮፓ አቆጣጠር የሚያስይዝ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ጥር 11 በዘወትር ዓመት ጃንዋሪ 19 ላይ ሲውል፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ይህን ሳያመሳክር ያስያዘ ሰው ከበዓሉ ጋር በአንድ ቀን ሊተላለፍ ይችላል። ከጥምቀት ውጪም ቢሆን የዩኒቨርሲቲው የምርቃት ሰሞንና የሠርግ ወራት አልጋ የሚወደድባቸው ጊዜያት ናቸው። በሠርግ ወቅት ደግሞ ሆቴሉ የራሱ አዳራሽ እንዳለው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከአዳራሹ በላይ ያለ ክፍል የያዘ እንግዳ ሳይጠራ ለሠርጉ መታደሙ አይቀርምና።

ቀጥሎ ስልክ ይደውሉ። በማስያዣ ገጾች ላይ የሚታየው ፎቶግራፍ ክፍሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ የተነሳ ሊሆን ስለሚችል፣ ከእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ጋር የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ንግግር ከብዙ ፎቶግራፍ የበለጠ ይነግርዎታል። ዋጋው ቁርስን፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን የሚጨምር መሆን አለመሆኑን፣ ከውጭ አገር ለመጣ ሰው የተለየ ዋጋ መኖሩን፣ አሳንሰር ከሌለም የሚሰጥዎት ክፍል ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ይጠይቁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው ሻንጣ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ትንፋሹ ይከዳዋል፤ እናት ወይም አባታቸውን ለሕክምና ይዘው የሚመጡ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ እንዲሰጣቸው ቃል ያስገቡ። ሰዓትንም በግልጽ ይነጋገሩ፤ ክፍል የሚለቀቀው ብዙ ጊዜ ቀን በ6 ሰዓት ቢሆንም በገጹ ላይ 12 ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ይህን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ እስከ ማታ 12 ሰዓት የሚቆይ እንግዳ የተጨማሪ ቀን ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውሃው እንምጣ። የጎንደር የውሃ ችግር የቆየ ነው፤ ለከተማው ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል የተጎዳ ሲሆን የነዋሪው ቁጥር ግን እየጨመረ ሄዷል፤ በዚህም ምክንያት ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች አሉ። ስለዚህ «ውሃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ይልቁንስ ሆቴሉ ሮቶ እንዳለው፣ ሮቶው ሙሉ እንደሆነ፣ የቧንቧው ውሃ ሲቋረጥ ስንት ቀን እንደሚያዘልቅ፣ የጉድጓድ ውሃ ያለው ወይም በቦቴ የሚያስመጣ መሆኑን ይጠይቁ። ክፍሉን ሲያዩም አልጋው ላይ ከመቀመጥዎ በፊት መታጠቢያ ቤት ይግቡ፤ ሻወሩን ከፍተው ጥቂት ይጠብቁ፤ ግፊቱን ያስተውሉ፤ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቅቀው ገንዳው መልሶ ሲሞላ ይስሙ። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ ከሥሩ ያለው የመጨረሻው ፎቅ ግፊቱ ከሁሉ ደካማ ስለሚሆን፣ ለዕይታ ሲሉ ላይኛውን ፎቅ የሚመርጡ ሰዎች ይህን አስበው ይምረጡ።

ሙቅ ውሃ የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙዎቹ ክፍሎች ያላቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲሆን፣ 50 ሊትር የሚይዝና 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ማሞቂያ ውሃውን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። እንግዳው ማብሪያውን አብርቶ ወዲያው ቧንቧውን ከፍቶ «ሙቅ ውሃ የለም» የሚለው ይህን ባለማወቅ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተርም ማሞቂያውን የሚሸከም ላይሆን ስለሚችል፣ መብራት ባለበት ሰዓት ውሃውን ማሞቅና ማብሪያውን ማጥፋት ይበጃል፤ በደንብ የተሸፈነ ማሞቂያ ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል። እዚህ ላይ ከልቤ የምለምነው አንድ ነገር አለ። እርስዎ ሻወር ከፍተው የሚያፈሱት ውሃ፣ ቁርስዎን ያቀረበችልዎት ልጅ በቤቷ በጀሪካን ወረፋ ጠብቃ የምትቀዳው ውሃ ነውና፣ ሳሙና ሲቀቡ ቧንቧውን ይዝጉ።

የክፍሉ አቅጣጫ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። የፒያሳ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ጣሊያኖች ከተማውን በያዙበት ጊዜ የተሠሩ ናቸው፤ በአደባባዩ ዙሪያ የተሰለፉት እነዚያ ቤቶች ለዓይን ደስ ቢሉም፣ ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የባጃጁን ጥሩንባና የሙዚቃ ቤቱን ድምፅ እስከ ምሽት ያስገባል። የፋሲልን ግንብ እያዩ መንቃት ለሚወድ ሰው ይህ ዋጋ የሚገባው ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ግን በስተጓሮ ያለ፣ ከባርና ከማእድ ቤት የራቀ ክፍል ይጠይቅ።

የሌሊቱ ድምፅ ግን ከየትኛውም ክፍል ቢሸሹ የሚቀር አይደለም፤ እንዲቀርም መመኘት ጎንደርን አለማወቅ ነው። በአርባ አራቱ ታቦት የምትጠራ ከተማ ውስጥ ያደረ ሰው በእሑድና በበዓላት ሌሊት ማኅሌቱን፣ ጎሕ ሳይቀድ ቅዳሴውን፣ ከወዲያ ደግሞ የመስጊዱን አዛን በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሌሊት ደወልና ጸሎት ቀሰቀሰኝ ብለው ሆቴሉን የሚወቅሱ እንግዶች አሉ፤ ሆቴሉ በዚህ ጉዳይ የሚያደርገው ነገር የለም። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ግን አለ። ከሆቴሉ አጠገብ ያለው ደብር የማን እንደሆነ ይጠይቁና የወሩን ቀን ይቁጠሩ፤ ሚካኤል ከሆነ በ12፣ ማርያም ከሆነች በ21፣ መድኃኔ ዓለም ከሆነ በ27 ሌሊቱ የሚደምቅ መሆኑን አውቀው፣ ወይ በጊዜ ይተኛሉ፣ አለዚያም ነጠላዎን ለብሰው ወጥተው ያስቀድሳሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስለ ምግብ ብዙ የሚባል የለም። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም በመሐል ከተማ የጾም በያይነቱ በየቦታው ይገኛል፤ የፍስክ ምግብ የሚፈልግ ሰው በእነዚህ ቀናት ሆቴሉ የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። ወደ ስሜን ተራሮች የሚጓዝ እንግዳ ግን ለቁርሱ ማሰብ አለበት፤ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ተጓዦች ገና ሳይነጋ ይነሳሉ፣ ቁርስ ደግሞ በዚያ ሰዓት አልደረሰም። ማታውኑ ለወጥ ቤቱ ከተነገረ ዳቦ፣ እንቁላልና ፍራፍሬ ጠቅልለው የሚሰጡ ሆቴሎች ስላሉ፣ ከመተኛትዎ በፊት ይንገሩ፤ የበሩን ጥበቃም የሚወጡበትን ሰዓት ያሳውቁ። ትልቁን ሻንጣ በሆቴሉ አስቀምጠው በቀላል ጓዝ መሄድ ከፈለጉ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ወረቀት ይቀበሉ። ምሽት ሲደርሱም ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራና መንገዱ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ በደስታ የሚመልሰው ጥያቄ ነው፤ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሲመጡም ቢሆን የኮንትራት ታክሲውን ዋጋ ሆቴሉን ጠይቀው መነሳት ይጠቅማል።

ክፍያን በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር መፈጸም ቢቻልም ኔትዎርክ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ ቢያንስ ለአንድ አዳር የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በኪስዎ ይኑር። ቀብድ ከከፈሉ ደረሰኙን ወይም የዝውውሩን መልእክት ከሆቴሉ እስኪወጡ ድረስ አያጥፉት።

ጉድለት ሲያጋጥምዎት በዚያው ሰዓት ይናገሩ። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃና በተሰበረ ቁልፍ ችሎ አድሮ በመውጫው ሰዓት የሚቆጣ እንግዳ ለራሱም ለሆቴሉም አልጠቀመም፤ በመጀመሪያው ሰዓት የተናገረ ግን ክፍል ይቀየርለታል። ድምፅን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ ከሌሊት ተረኛው ሠራተኛ ይልቅ ኃላፊውን በአክብሮት ማስጠራት ነገሩን ያፋጥነዋል።

ከቆይታዎ በኋላ ለሌሎች የሚጽፉት ምስክርነት የሚጠቅመው ዝርዝር ሲኖረው ነው። «ጥሩ ሆቴል ነው» ወይም «አትሂዱ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለማንም አይበጅም፤ በየትኛው ወር እንዳደሩ፣ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደነበረና ወዴት እንደሚያይ፣ ውሃው በስንት ሰዓት እንደመጣና እንደሄደ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደተደረገ ይጻፉ። ያገለገለዎትን ሠራተኛ ማመስገን ከፈለጉ ለአስተዳደሩ ስሙን ጠርተው ይንገሩ፤ የወቀሳ ከሆነ ግን ስም ሳይጠሩ ድርጊቱን ብቻ ያስፍሩ፣ በአንድ መስመር ምክንያት እንጀራው ሊቋረጥ ይችላልና። ሆቴሉ የነገሩትን ጉድለት ካስተካከለም፣ ቀድሞ በጻፉት ላይ ይህንኑ ይጨምሩበት።