የመኪና ቶውባር መብራት አገጣጠም፦ ከግራውንዱ ጀምሩ

ፍራንክፈርት ውስጥ ቤት ስንቀይር ትንሽ ተሳቢ ተውሰን ሶፋና ፍሪጅ ጫንን። ጓደኛዬ በራሱ መኪና ከኋላ ይከተለኝ ነበር። ነዳጅ ማደያ ስንቆም ሮጦ መጣና "ወዴት እንደምትታጠፍ እኮ አይታወቅም!" አለኝ። የቀኝ ፍሬቻ ሳበራ የተሳቢው መብራት ሁሉ አንድ ላይ ደብዘዝ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ከኋላ ላለ ሰው ይሄ ቀኝ ይሁን ግራ፣ ፍሬን ይሁን ሌላ የሚለይ አይደለም።

መኪናውን ስገዛው ቶውባሩ (ተሳቢ የሚታሰርበት ብረት) ተገጥሞለት ነበር። የኋላውን ምንጣፍ አንስቼ ሳይ የግራውንዱ ሽቦ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት) ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነው የታሰረው። ቀለሙን ፍቄ መልሼ ሳስረው ሁሉም መብራት ተስተካከለ። በቃ፣ አንድ ብሎን ነበረች። ከዚያ በኋላ የራሴን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት፣ የሁለት ጓደኞቼንም አብሬያቸው ገጠምኩ። የተማርኩትን እዚህ ላስቀምጠው፤ ጀርመን ላላችሁ በቀጥታ ይሆናል፣ ሌላም የአውሮፓ አገር ላላችሁ ሶኬቱ አንድ ነው።

አገር ቤት ተሳቢ ሲባል ቶሎ የሚታየን በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ነው። የእሱ ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው። እዚህ የማወራው በ12 ቮልት ስለሚሠራ የቤት መኪና ነው። ስለዚህ አምፖልም ሆነ ሪሌይ (በትንሽ ምልክት ትልቅ ኃይል የሚከፍት ማብሪያ) ስትገዙ 12 ቮልት የሚል ጽሑፍ እዩበት።

አስቀድሞ መኪናችሁን ማወቅ ያስፈልጋል። በድሮ መኪና ከኋላ መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጥሎ ወደ ተሳቢው መውሰድ ይቻል ነበር። በአዲሱ ግን እንዳታደርጉት። አሁን መብራቱን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው፣ በየአምፖሉ የሚሄደውን ኃይልም ይለካል። ሌላ አምፖል ስትጨምሩበት "አምፖል ተቃጥሏል" ብሎ ዳሽቦርድ ላይ ያስጠነቅቃል፣ ወይ ጭራሽ መስመሩን ይዘጋዋል፣ ብሎም መብራቱን የሚቆጣጠረው ሳጥን (ሞጁሉ) ሊበላሽ ይችላል። አንዳንዱ መኪና ደግሞ የፍሬኑንና የኋላውን መብራት በአንድ አምፖል ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ኃይሉን ቶሎ ቶሎ እያቋረጠ ነው የሚያደበዝዘው። እንዲህ ያለው ላይ ለሁሉም መኪና ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ግራ ይጋባል።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ለመኪናችሁ ሞዴል ተብሎ የተሠራ ሙሉ ዕቃ ነው፤ ሶኬቱ፣ ሞጁሉና ሽቦው አብሮ ይመጣል፣ የመኪናው መሰኪያ ላይ ይሰካል፣ የሚቆረጥ ሽቦ የለም ወይም በጣም ጥቂት ነው። ሁለተኛው ለሁሉም የሚሆነው ሪሌይ ያለው ሞጁል ነው። እሱ ከመብራቱ ሽቦ ምልክት ብቻ ይወስዳል፣ ኃይሉን ግን በራሱ ፊውዝ በኩል ከባትሪ ያመጣል። የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ መኪናው አዲስ ከሆነ ገንዘብ ጨምሩና የመጀመሪያውን ግዙ። ቀለል ላለ የቆየ መኪና ሁለተኛው ይበቃል። ከታች የምጽፈው በዋናነት ስለ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ስህተት የሚበዛው እሱ ላይ ነው።

ሶኬቱስ? ባለ 7 ፒንና ባለ 13 ፒን አለ፤ ፒን ማለት አንድ ሽቦ የሚገናኝበት እግር ነው። ለትንሽ ዕቃ መጫኛ ተሳቢ 7ቱ ይበቃል፤ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ለመጎተት ካሰባችሁ ግን 13 ያስፈልጋችኋል። ምርጫው ክፍት ከሆነ ባለ 13ቱን ግጠሙ። ባለ 7 ተሳቢ ሲመጣ ትንሽ አዳፕተር ይበቃዋል።

ሶኬቱን ከጀርባው ስትፈቱት በየፒኑ አጠገብ ቁጥር ታገኛላችሁ። 1 የግራ ፍሬቻ ነው፣ ሽቦው ቢጫ። 2 የኋላ ጭጋግ መብራት፣ ሰማያዊ። 3 ግራውንድ፣ ነጭ። 4 የቀኝ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ። 5 የቀኝ የኋላ መብራት፣ ቡናማ። 6 የፍሬን መብራት፣ ቀይ። 7 የግራ የኋላ መብራት፣ ጥቁር። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ሶኬት አንድ ነው። ባለ 13ቱ ላይ 8 የኋላ ማርሽ መብራት ይሆናል፣ 9 ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ኃይል፣ 10 ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ኃይል። 11 የ10 ግራውንድ ነው፣ 13 ደግሞ የ9። 12ን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ትተዉታላችሁ።

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ብዙ የጀርመን መኪኖች ውስጥ ቡናማ ሽቦ ማለት ግራውንድ ነው። በተሳቢው ኬብል ግን ቡናማው የቀኝ የኋላ መብራት ነው፣ ግራውንዱ ነጩ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቡናማውን ከቡናማ ጋር ያስርና መብራት ሲያበራ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ሌላ ፊውዝ ያስገባል፣ እሱም ይቃጠላል። የቀደመው ባለቤት ሌላ ቀለም ተጠቅሞም ሊሆን ይችላል። ቀለሙን እንደ ፍንጭ ውሰዱት፣ የምታምኑት ግን የፒኑን ቁጥርና ቴስተሩን (ኃይል መኖሩን የሚያሳየውን መሞከሪያ) ይሁን።

አሁን ወደ ሥራው። ቁልፉን አውጡ፣ የኋላውን በር ክፍት ተዉት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የምትጠብቁት ኮምፒውተሮቹ ሥራቸውን ጨርሰው እንዲተኙ ነው። ከዚያ የኋላውን ምንጣፍና የጎን ፕላስቲክ አንሱ። ፕላስቲኩን የያዙት ክሊፖች በብርድ ቶሎ ስለሚሰበሩ ክረምት ከሆነ መኪናውን ትንሽ አሙቁት።

ኬብሉ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ በጎማ ወይም በፕላስቲክ የተዘጋ ነው። ከሌለና ከበሳችሁ ጠርዙን በፋይል አለስልሱ፣ ዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ፣ በጎማ ቀለበት ውስጥ ኬብሉን አሳልፉ። ባዶ ቆርቆሮ ሽቦን ቀስ በቀስ እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ኬብሉ ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ተመልሶ ይውጣ፤ ውሃው በታችኛው ጥግ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ከጭስ ማውጫውም አርቁት።

ቀጥሎ ከባትሪ የሚመጣው የኃይል መስመር ነው። ስንት አምፔር እንደሚያስፈልግ አብረን እናስላው። ፍሬቻ አንዱ 21 ዋት ነው፣ አደጋ ማስጠንቀቂያው ሲበራ ሁለቱም ይሠራሉ፣ 42። ሁለት የፍሬን መብራት ሌላ 42። ጭጋግ 21፣ ሁለቱ የኋላ መብራቶች 10። ድምሩ 115 ዋት ነው፤ በ12 ሲካፈል 10 አምፔር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 15 አምፔር ፊውዝና 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ እጠቀማለሁ። ለምን ቀጭን አይሆንም ለሚል፣ ከባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር የሚሄድ ሽቦ 2.5 ሲሆን በ10 አምፔር 0.35 ቮልት ያህል ይበላል። 1 ስኩዌር ሚሊሜትር ከሆነ 0.9 ቮልት ያህል ይበላል፣ ያኔ የፍሬን መብራቱ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ።

ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ቢበዛ 30 ሴንቲሜትር። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው። ኋላ ካስቀመጣችሁት በመሐል ያለው 5 ሜትር ሽቦ የሆነ ቦታ ተፈትጎ ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም፣ ይነዳል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ፊውዙን አታስገቡት። ሽቦውን ከኮፈኑ ስር ወደ ውስጥ በነበረው ጎማ በኩል አሳልፉና በበሩ ስር ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ወደ ኋላ ውሰዱት። የኤርባግ ሽቦ ግን አትንኩ፤ ብዙ ጊዜ ቢጫ መሸፈኛ አለው።

ካራቫን የምትጎትቱ ከሆነ 9 እና 10 የራሳቸው ሽቦና የራሳቸው ፊውዝ ያስፈልጋቸዋል። 10ኛው ሞተር ሲነሳ ብቻ በሪሌይ መከፈት አለበት። ይህ ካልሆነ ቆማችሁ ቡና ስትጠጡ የካራቫኑ ፍሪጅ የመኪናውን ባትሪ ይጨርሰውና ከዚያ መነሳት አትችሉም። 3፣ 11 እና 13 የተለያዩ ግራውንዶች ናቸው፤ በካራቫኑ በኩል እርስ በርስ አይገናኙ።

አሁን ግራውንድ። ጊዜ ስጡት የምለው እዚህ ነው። ወፍራም የመኪናው አካል የሆነ ብረት ፈልጉ፤ ቀጭን ቆርቆሮ ወይም የሚነቃነቅ ነገር አይሁን። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ። በሽቦው ጫፍ ላይ ቀለበት ያለው መያዣ በደንብ ጨምቁ፣ ጥርስ ያለው ዋሸር አድርጉ፣ ብሎኑን አጥብቁ። ከዚያ ዝገት እንዳይገባው ላዩን ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀቡት። በሌላ ሰው በተሠራ መኪና ላይም መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው።

ግራውንድ ሲጠፋ ለምን ያ ሁሉ ብልጭ ድርግም ይመጣል? ኤሌክትሪኩ በፍሬቻው አምፖል አልፎ ወደ ባትሪ መመለሻ ይፈልጋል። ነጩ ሽቦ ከተዘጋበት በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ወደ ኋላ ዞሮ ይሄዳል፣ እነሱንም ደብዘዝ አድርጎ ያበራቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ በቶውባሩ ኳስ በኩል መንገድ ያገኛል። ያኔ ቆማችሁ ስትሞክሩት ይሠራል፣ መንገድ ላይ ሲነቃነቅ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ነጩን ሽቦ ተከተሉ።

የምልክት ሽቦዎቹን ለማግኘት ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ፣ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ አንድ በአንድ ያብራ፤ እናንተ ከኋላ መብራቱ መሰኪያ ላይ በቴስተር ለዩ። እያንዳንዱን ስታገኙ ናስትሮ ጠቅልላችሁ ስሙን ጻፉበት። ከዚያ ባትሪውን እንደገና ፈትታችሁ አገናኙ። ያንን ሽቦ ሳይቆርጥ የሚነክስ ሰማያዊ ፕላስቲክ ማያያዣ አልወደውም። ሽቦውን ይጎዳል፣ በሁለት ክረምት ውስጥም ይዝጋል። በሊድ በመበየድ ወይም በደንብ በተጨመቀ መያዣ ሥሩና ላዩን በሙቀት በሚጨማደድ ቱቦ ሸፍኑት።

ሲያልቅ ፊውዙን አስገቡ፣ ባትሪውን እሰሩና ሞክሩ። በቮልት መለኪያ ብቻ አትርኩ። የዛገ ወይም የላላ ግንኙነት ላይ መለኪያው 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፣ 21 ዋት አምፖል ስታበሩበት ግን ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ አይበራም። ስለዚህ በእውነተኛ አምፖል ወይም በተሳቢው ራሱ ሞክሩት። መጀመሪያ አንድ በአንድ። ቀጥሎ ሁሉንም በአንዴ፣ የኋላ መብራት፣ ጭጋግ፣ ፍሬን ተረግጦ፣ አደጋ ማስጠንቀቂያ በርቶ። በዚያው ሰዓት መለኪያውን በ3ኛው ፒንና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል አድርጉ። ከ0.5 ቮልት ካለፈ ግራውንዱ ገና አልጠራም፣ ተመለሱበት።

ሦስት ነገር ደግሞ ከመንገድ በፊት እዩ። ዳሽቦርዱ ወይም ሞጁሉ የተሳቢው ፍሬቻ መሥራቱን በመብራት ወይም በድምፅ ይነግራችሁ እንደሆነ። ተሳቢው ሲሰካ የመኪናው የራሱ ጭጋግ መብራት ይጥፋ፣ አለበለዚያ የካራቫኑ ፊት ላይ አንጸባርቆ በመስታወት ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። የኋላ ፓርኪንግ ሴንሰሩም ዝም ማለት አለበት። አዲስ መኪና ላይ ይህ ሁሉ የሚሆነው ኮምፒውተሩ ቶውባር እንደተገጠመ ሲነገረው ነው፤ ጋራዥ ወስዳችሁ አስመዝግቡት። አንዳንዱ መኪና ተሳቢ ሲወዛወዝ ራሱ ፍሬን ይዞ ያረጋጋዋል፣ እሱም ቢሆን ያለዚህ ምዝገባ ሥራ አይጀምርም።

ባለ 13 ፒኑን መሰኪያ ስትሰኩ እስኪቆልፍ አዙሩት። በመጀመሪያው ጉዞ ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና ፊውዙን፣ የግራውንዱን ብሎንና ሶኬቱን በእጃችሁ ንኩ። የሚሞቅ ካለ እዚያ ጋ ግንኙነቱ ልል ነው። ተሳቢውን ስትፈቱ አዳፕተሩን ነቅላችሁ ቤት አስገቡት፣ ውጭ ከከረመ ውሃ ይቋጥራል። የሶኬቱንም ክዳን ዝጉት።