ወላጅ በጋራ ለምትጦሩ

እህት ወንድም ሆናችሁ ወላጅ የምትጦሩ ከሆነ «ሁላችንም እናግዛለን» የሚለውን ተዉት። ሁሉም ያግዛል ሲባል መጨረሻ ላይ የሚያግዘው ቅርብ ያለው ብቻ ነው። ይልቅ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ባለቤት ስጡት። የደም ግፊት መድኃኒት የእገሌ፣ የእድር መዋጮ የእገሊት፣ መብራትና ውሃ የታናሽየው። ብሩ ከሁሉም ሊዋጣ ይችላል፤ ተጠያቂው ግን አንድ ሰው ይሁን።

መድኃኒቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናት «ገና አላለቀም፣ አትቸገሩ» ማለታቸው አይቀርም። እንዳያልቅባቸው አንድ ቀን እየዘለሉ የሚውጡም አሉ። የግፊት መድኃኒት ደግሞ ሲቆራረጥ አደጋ አለው። ስለዚህ በስልክ «አለቀ ወይ?» ብላችሁ አትመኑ። አጠገባቸው ያለ ሰው የእሽጉን ፎቶ አንስቶ በቤተሰቡ ቴሌግራም ይላክ። ስንት ፍሬ እንደቀረ በዓይን ይታያል። ሳምንት ሲቀረው ግዙ፤ ፋርማሲው «የለም» ካለ ሌላ ጋ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራችኋል።

እድሩን የያዘ ሰው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስልኩ ላይ ይሙላ። ውጭ ያለ ልጅ በፈረንጅ ወር ሲቆጥር ቀኑ ያልፍና ቅጣት ይመጣል። አገር ቤት ያላችሁት ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አላችሁ፤ «ባንክ ወረፋ ነበር» አያስኬድም።

ቤት ሆኖ የሚያስታምመውን ልጅ ግን ገንዘብም አዋጣ አትበሉት። ከንጋት ጀምሮ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የሚሰለፈው እሱ ነው። እንዲያውም በወር አንድ ቅዳሜ ሌላው ይተካውና ይረፍ።